ድሬዳዋ በ57 ኪሎ፦ የአንድ ቴኳንዶ ውድድር የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017፤ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል ተብለን 12 ሰዓት ሊሞላ ሲል ተነሳ። ያስረፈደን የራሳችን ዕቃ ነው። የዘጠኝ ሰው ሆጉ (የደረት መከላከያው)፣ ሄልሜት፣ የክንድና የቅልጥም መከላከያ በአራት ጆንያ ተጠቅጥቆ ሲመጣ ረዳቱ «ይኼማ ጭነት እንጂ ሻንጣ አይደለም» ብሎ 800 ብር ጠየቀ። ማስተር (አሠልጣኛችንን ሁላችንም የምንጠራው እንዲህ ነው) ልጆቹን አሰለፋቸውና «እስቲ ፊታቸውን እያቸው፣ እነዚህ ነጋዴ ይመስላሉ?» አለው። በ300 ተስማሙ። ትኬቱ ለአንድ ሰው 1,600 ብር ነበር።

ከዘጠኛችን ከማስተር ቀጥሎ ትልቋ እኔ ነኝ። 35 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ቤት እሠራለሁ፣ ቀይ ቀበቶ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የ22 ዓመት ተማሪ ነው፤ ትንሿ ደግሞ በፑምሴ (ያለ ተጋጣሚ፣ ብቻ በሚሠራ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል) የምትወዳደር የ13 ዓመት ልጅ ናት። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ «ሠርግ ነው?» አለኝ። የቴኳንዶ ውድድር ነው ስለው ፈረመና ቀና ብሎ «ልትዳኚ?» ሲል ጠየቀኝ። እናቴ ነገር አታስረዝምም፦ «ገንዘብ ከፍለሽ ልትመቺ ነው?»

እውነት ለመናገር ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ጎተራ አካባቢ ባለችው ጂማችን በሳምንት ሦስት ማታ እሠራለሁ። ለወገቤም፣ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ለዋልኩት ጭንቅላቴም ያ ይበቃል። ውድድር ምን ይጨምራል? «በራስ መተማመን» ይሉሻል፤ የጂማችን ግድግዳ ላይም በትልቁ ተጽፏል። ለጊዜው የጨመረልኝ ግን ረሃብ ነው። የተመዘገብኩት ከ57 ኪሎ በታች ሲሆን ረቡዕ ማታ ሚዛን ላይ ስወጣ 57 ከ800 ግራም ነበርኩ። ማስተር ውኃ መከልከል፣ ላስቲክ ለብሶ መሮጥ የሚባል ነገር በክለቡ አይፈቅድም። የሚቀነሰው እንጀራና ጨው ነው።

እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ ተኝተን አለፍን። የነቃሁት መተሐራ ላይ ነው። የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መንገዱንም ሐዲዱንም ሲያስቸግር የኖረበት ቦታ፣ ከዚያ ፈንታሌ ተራራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ከቤቱ አስወጥቶ ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ሌሊት ያወራ ጀመር። ከፊቴ የተቀመጡት እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ቁም ሣጥኑ ሲወዛወዝ ያዩትን እየነገሩን አዋሽ ሰባት ኪሎ ደረስን።

ቁርስ። ፍርፍር 220 ብር፣ የፍየል ጥብስ 480። እኔ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ። ከጎኔ የተቀመጠው ልጃችን ከ68 ኪሎ በታች ተመዝግቦ 65 የማይሞላ በመሆኑ ማስተር «ብላ፣ ብላ» ይለዋል። ቅቤው ከጥብሱ ላይ ሲንቸረቸር እኔ ወደ ፈንታሌ ዞሬ ተቀመጥኩ። ሂሳቡ ሲከፈል ልጁ የጥብሱን ግማሽ ትቶት ተነሳ። ይህን አልረሳለትም።

ሚኤሶን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ወርዶ ሲታይ እሱም ነፍስ የለውም፤ ሌላ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ላይ ቆምን። ሾፌሩ ስልክ ይደውላል፣ ረዳቱ ይሳደባል፣ መንገደኛው ግራር ሥር ተኮልኩሏል። ማስተር ይህን አጋጣሚ እንደ ስጦታ ነው ያየው። ከጆንያው ሁለት ፓድ (የመምቻ ትራስ) አስወጣና ልጆቹን አስፋልቱ ዳር አሰለፈ። የፓዱ ጩኸት የሰበሰባቸው ግመል ጠባቂ ወጣቶች ትንሽ ቆመው አዩና አንደኛው ዱላውን ለጓደኛው ሰጥቶ «እኔም» አለ በምልክት። በሸበጥ የመታት ምት ፓድ ያዡን ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደችው። መንገደኛው በሙሉ አጨበጨበ። ማስተር እስከ አሰበ ተፈሪ ድረስ ስለዚያ ልጅ ዳሌ ሲያወራ ነበር።

ከአሰበ ተፈሪ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ሂርና፣ ቆቦ፣ ጨለንቆ። ጫትና ማሽላ በእርከን፣ ብርድ ብርድ የሚል አየር። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ የተዋጉበት ነው፤ ከመስኮት የሚታየው ግን ድንች የሚሸጡ ሴቶች ናቸው። ቁልቢ ላይ አውቶቡሱ ገብርኤልን ለመሳለም ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ግማሹ ሰው አማተበ። ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። በየመታጠፊያው አየሩ እየሞቀ ይመጣል። ድሬ የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፣ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ።

ያረፍነው ከማስተር አክስት ግቢ ነው። በሩን የከፈቱልን «አቦ፣ ግቡ! ምን ታስጠብቁናላችሁ!» እያሉ ነው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ሥራ የለውም፤ የ13 ዓመቷ ልጃችን የ70 ዓመት አዛውንት «አንቺ» ብላ እንድትጠራ ስትታዘዝ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀርቧል። እኔ ሐብሐብ ብቻ ስወስድ ሴትዮዋ ግንባሬን በእጃቸው ዳበሱ። «ታመሻል እንዴ?» ነገ ሚዛን እንዳለብኝ ማስተር ሲያስረዳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «አንተ፣ ይቺን ልጅ እናቷ ታውቃለች?» አሉት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፤ ከዚራ፣ ለገሃርና ሚዛኑ

የተኛነው ግቢው ውስጥ፣ ፍራሽ አንጥፈን፣ በአጎበር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቢሆን በነጋታው የሳንባ ምች ነበር።

ሚዛኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ስለሆነ ጠዋቱን ከዚራን ዞርን። ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ጥላቸው አስፋልቱን የሸፈነ ዛፎች፣ ከባቡሩ ጋር የመጡ ፈረንሳዮች የቀየሱት ሰፈር። ባጃጅ ሰፈር ለሰፈር 30 ብር። ማንጎ ኪሎው 80 ብር፣ እኛ ጋ የዚያን ሰሞን 150 ነበር። ሰው ሲረጋጋ እዚህ ነው የሚታየው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ከተማው ይተኛል፣ 10 ሰዓት ላይ እንደገና ይነቃል።

የድሮው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆመን ማስተር ለልጆቹ ታሪክ አወራ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የሄደው በዚህ ሐዲድ ነው፤ ከዚያ በመርከብ። በየዙሩ ወደ ኮሪያ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን በጠቅላላ ከ6,000 በላይ ናቸው። ልጆቹ ቃኘውን የሚያውቁት በሰፈር ስም ነበር። ቴኳንዶ ከኮሪያ የመጣ ስለሆነ ጂማችን ውስጥ ከባንዲራችን ጎን የተሰቀለውን የኮሪያ ባንዲራ ሁልጊዜ ጎንበስ እያሉ ሲያልፉ ኖረው፣ አያቶቻቸው በዚች ጣቢያ ውኃ ቀድተው ወደዚያ አገር መሄዳቸውን ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ያኔ ቴኳንዶ ነበር?» ሆነ። ማስተር ወደ ሚዛን ሰዓቱ እየቀረበ ነው ብሎ አስነሳን።

ሚዛኑ የአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ሴቶቹ ተራ በተራ በቲሸርትና በቁምጣ። ከእኔ በፊት የገባችው ልጅ ስስ ነጠላዋን እንኳ አውልቃ ወጣች። እኔ ስወጣ፦ 57 ከ100።

ደንቡ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያላለፈ ሰው ሰዓቱ ሳያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገምለታል። አርባ ደቂቃ ቀርቷል። ማስተር አልተናደደም። «ሹራብሽን ልበሺ፣ ነይ» አለኝ፤ የደቻቱን የአሸዋ ወንዝ ዳር ዳሩን በፈጣን እርምጃ ወሰደኝ። ወንዙ ደረቅ ነው። ከዳር እስከ ዳር አሸዋ፣ ፍየልና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች። በ1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው የወሰደው ይኸው ወንዝ ነው ብሎ ሲነግረኝ ማመን አቃተኝ። ላቤ ከጉልበቴ ሥር ይንጠባጠባል። መቶ ግራም ማለት ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለማላብ አንድ ሰዓት ገመድ መዝለል የሚፈልግ ሰውነት ድሬ ላይ በሩብ ሰዓት ሰጠው። ስመለስ 56 ከ900። መዛኟ ቁጥሩን ጽፋ ቀና ሳትል «ሂጂ ብዪ» አለችኝ።

በላሁ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ጾም የለ። ከሩዙ፣ ከፍየሉ፣ ከሳምቡሳው፣ ከማታው ባጊያ በሻይ። የማስተር አክስት ሲያዩኝ እፎይ ብለው «አሁን ሰው ሆንሽ» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፤ ጂምናዚየሙ

ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ የአዲስ አበባ ግማሽ። ስለዚህ ትንፋሽ ይተርፋችኋል ተብለን ነበር። እውነት ነው፣ ይተርፋል። ሙቀቱ ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ የተረፈውን ይወስዳል። ሆጉ ሲታሰር ሰውነት ወጥ ተጥዶ እንደተከደነ ድስት ነው የሚሆነው።

ጠዋት ፑምሴ ነበር። ትንሿ ልጃችን ምንጣፉ መሃል ገባች፣ ሰገደች፣ ጀመረች። ግማሽ ላይ ቆመች። ጠፋባት። እጇ በመከላከያ ቅርጽ እንዳለ፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ። ጂም ውስጥ ቢሆን ከጎኗ ያለውን አይታ ትቀጥል ነበር፤ እዚህ ከጎኗ ማንም የለም። ማስተርም መናገር አይችልም። አዳራሹ ጫጫታ ላይ ስለነበር ብዙ ሰው ላያያት ይችላል፣ ለእኔ ግን ያ ቆይታ ምሳ የሚያክል ነበር። ከዚያ ግራ እግሯን አንስታ ካስታወሰችበት ቀጠለች፣ ጨረሰች፣ ሰግዳ ወጣች። ነጥቧ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነው። አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ከምሳ በኋላ ሳያት ከድሬ ልጆች ጋር ተቀምጣ የረሳችውን ክፍል እነሱ እንዴት እንደሚያስታውሱት እየጠየቀቻቸው ነበር።

በወንዶቹ በኩል ልጆቻችን በየጥጉ ሲወራረዱ የሚያነሱት ስም አንድ ነው፦ በቶኪዮው ኦሊምፒክ ከ58 ኪሎ በታች ኢትዮጵያን ወክሎ የተጫወተው ሰለሞን ቱፋ። ቴኳንዶ ኦሊምፒክ ውስጥ ሙሉ ስፖርት ሆኖ የገባው በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ነው፤ ለእነሱ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከሰለሞን ነው። 65 ኪሎ የማይሞላው ጥብስ በሊታችን በመጀመሪያ ግጥሚያው ተሸነፈ። ከአዋሹ ጥብስ ጋር ግንኙነት የለውም ብዬ ለማመን እየሞከርኩ ነው።

በእኔ ኪሎ የተመዘገብነው አራት ሴቶች ነን። በግማሽ ፍጻሜ ለሚሸነፉ ለሁለቱም ነሐስ ስለሚሰጥ ገና ሳንጀምር ሁላችንም ባለሜዳሊያ ነን። በሴቶች ውድድር የተለመደ ነው፤ ሰው እስኪበዛ ድረስ ሜዳሊያው ብዙ አይናገርም።

የመጀመሪያ ተጋጣሚዬ ከሐረር የመጣች ነርስ ናት፣ በግምት እኩያዬ። ዙሩ ሁለት ደቂቃ፣ ከሦስት ዙር ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። ሆጉ ላይ በእግር ሁለት ነጥብ፣ ጭንቅላት ላይ ሦስት፣ ቡጢ አንድ። በትልልቅ ውድድሮች የእግር ምቱን የሚቆጥረው ራሱ ሆጉ ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው፤ እዚህ ግን በየማዕዘኑ የተቀመጡት ዳኞች ዓይተው ቁልፍ ይጫናሉ። የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 4 ወሰደችብኝ። ሁለተኛውን እኔ 7 ለ 5። ሦስተኛው ላይ 4 እኩል ሆነን፣ ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ሲቀር፣ መብራት ጠፋ።

የነጥብ ሰሌዳው ጠቆረ፣ ሰዓቱም ሞተ። ዳኛው «ካልዮ!» ብሎ ለየን። መዝጋቢዋ በጎን በወረቀት ስትይዝ ስለነበር ነጥቡ ላይ ክርክር አልተነሳም፤ ክርክሩ ሰዓቱ ላይ ነበር። አንዱ ሠላሳ ይላል፣ አንዱ ሃያ። ተራ በተራ ስልክ ተደዋወሉ፣ ጄኔሬተር አለ ተባለ፣ ነዳጅ የለም ተባለ። እኛ ሁለታችን ሄልሜታችንን አውልቀን ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውኃዋን አካፈለችኝ። ልጆች እንዳሏት፣ ሌሊት ተረኛ ወጥታ እንደመጣች፣ ባሏ ከደረጃው ላይ ቪዲዮ እያነሳ እንደሆነ ነገረችኝ። ዞሬ እጄን አወዛወዝኩለት። ከዚያ «ሠላሳ ሰከንድ፣ በስልክ ሰዓት» ተባለ፤ ሄልሜታችንን አጥልቀን ተነሳን። ካወራሻት ሴት ጋር መጋጠም ከማታውቂያት ይልቅ ከባድ ነው። እሷ እግሯን ስታነሳ ገባሁና በቡጢ ሆጉዋን መሃሉ ላይ አገኘሁት። 5 ለ 4።

ፍጻሜው 20 ዓመት ከማይሞላት የድሬ ልጅ ጋር ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የሚወራ ነጥብ የለም። 8 ለ 2፣ 11 ለ 3። የሚወራው እንዴት እንደሆነ ነው።

ዶልዮ ቻጊዬ ጂም ውስጥ የምታወቅበት ነው። ከኋላ እግር ዞሮ የሚመጣ፣ ፓድ ላይ ሲያርፍ ሰው የሚያዞር። ፍጻሜው ላይ አንዴም አላረፈም። ገና እግሬ መሬት ሳይለቅ ልጅቷ ግማሽ እርምጃ ሸሽታለች፤ እግሬ አየር ቀዝፎ ሲመለስ የፊት እግሯ ጎኔ ላይ ነው። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ሦስተኛ። ሁልጊዜ ቀድማ ታውቃለች። ዓይኗን ሳየው ፊቴንም እግሬንም አያይም፤ ከአንገቴ በታች የሆነ ቦታ ላይ ተተክሏል። በእረፍቱ ማስተር «ፍጥነትሽን ቀይሪ» አለኝ። ቀየርኩ። ያው ነው።

ካለቀ በኋላ ከማስተሯ ጋር ተጨባበጥኩ፣ እሷም ከማስተር ጋር። ጥግ ላይ ቀበቶዋን እያጠፈች ጠራችኝ። «አንቺ፣ ነይ። ልትመቺ ስትይ ቀኝ ትከሻሽ ይወርዳል።» ቆማ አሳየችኝ። እኔን አስመሰለችኝ፦ ትከሻዋ ዝቅ፣ ከዚያ ዳሌ፣ ከዚያ እግር። «መጀመሪያ ምትሽ ላይ ነው ያየሁት» አለች። በራሴ ሳቅሁ፤ የራሴን ፎቶ ያየሁ ያህል ነው።

ማታ ፍራሼ ላይ ሆኜ ስገለባበጥ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ጂማችን ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ያንን ትከሻ ለዓመታት አይተውታል። አንድም ሰው አልነገረኝም። እትዬ ነው የሚሉኝ። በልደቴ ኬክ ይገዛሉ፣ ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ሲደርሰኝ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ፣ ስመታቸው ትንሽ አብዝተው ይወድቃሉ። ክብር ነው፣ ያሳደግናቸውም እንዲህ ብለን ነው። እኔ ግን በዚያ ክብር ላይ ተደግፌ ምቴን ጥሩ ነው ብዬ ደምድሜ ኖሬያለሁ። ለማየት ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ፣ ዕድሜዬን የማታውቅ፣ ብታውቅም ግድ የማይሰጣት ልጅ ማግኘት ነበረብኝ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው በራስ መተማመን የሚባለው ነገር ያን ማታ ጨመረልኝ ብል ውሸት ነው። ቀነሰ። የቀረው ግን የራሴ ነው፤ የነርሷን ሆጉ ያገኘችው ቡጢ የራሴ ናት፣ ማንም አላዘነልኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 10፤ ሐረር

ነርሷ ቡና ጠርታን ስለነበር ጠዋት በሚኒባስ ሐረር ወጣን፣ በሰው 150 ብር። ሐረማያ ላይ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውኃ ይዞ አየሁት። አወዳይ ገና በጠዋቱ በጫት ጭነት ተጨናንቋል፤ መንገዱን ለማለፍ የፈጀብን ጊዜ ከቀሪው ጉዞ ይረዝም ነበር።

ቁርስ ፈቲራ በእንቁላልና በማር፣ ያለ ሚዛን ሐሳብ። ጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መንገዶች ስንዞር ሁላችንም እናነክሳለን፤ ቅልጥሜ ላይ የእንቁላል ያህል እብጠት አለ፣ ጥብስ በሊታው ወገቡን ይዟል። አንዲት ቅርጫት ሻጭ ጠጋ ብለው «መኪና ገልብጧችሁ ነው?» ብለው ጠየቁን።

የነርሷ ቤት ከግንቡ ውጭ ነው። ባሏ በሩን ከፍቶ ለአፍታ አየኝና ወደ ውስጥ ተጣራ፦ «የመታችሽ መጣች!» በቡና ቅጠል የተፈላ ቁጢ ከወተት ጋር ቀረበልን፣ ጨው ያለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የቀመስኩት፣ ሦስት ስኒ ጠጣሁ። ቪዲዮውን ከፍተን አየነው። ትከሻዬ ይወርዳል። እሷም የራሷን አገኘች፦ ከመግባቷ በፊት ትንፋሿን ትይዛለች። የጅብ ትርዒቱን ሳናይ ከመምሸቱ በፊት ወደ ድሬ ተመለስን።

ሰኞ፣ ግንቦት 11፤ አዋሽ ፍተሻ

በዚህ መስመር ከድሬ የሚመጣ አውቶቡስ ለኮንትሮባንድ በደንብ ይፈተሻል። አዋሽ ላይ ሁላችንም ወረድን። የሚፈትሸው ወጣት አራቱን ጆንያ ሲያይ ፊቱ በራ። አንዱን ፈታው፤ ሽታው ወደ ኋላ መለሰው። ቀጥሎ አንድ ዓይነት ሆጉ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ዓይነት፣ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ።

«ይኼ ሸቀጥ ነው» አለ።

«እንዲህ እየሸተተ የሚሸጥ ሸቀጥ አይተህ ታውቃለህ?» አለው ማስተር።

ደረሰኝ ተጠየቀ። ደረሰኝ የለም፤ አንዳንዱ ሆጉ ከትንሿ ልጃችን ዕድሜ ይበልጣል። በመጨረሻ «የራሳችሁ ከሆነ ልበሱት» ተባለ። ዘጠኛችንም አስፋልቱ ላይ ለበስን፣ እርስ በርስ ጀርባችንን አሰርን፣ ሄልሜትም አጠለቅን። ሆጉ ለባለቤቱ ልክ ሆኖ ሲቀመጥ ያስታውቃል። አለቃቸው ከጥላ ሥር ወጥቶ መጣና ሲያየን ቆየ። ትንሿን ልጅ «እስቲ አንዴ» አላት። የረሳችውን ክፍል ጨምራ ሠራችው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ መንገደኛውና ከባድ መኪና ሾፌሩ ሁሉ እያየ።

አለቃው ማስተርን ወደ ጎን ወሰደው። ልጁ 9 ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ወላጅ አምጣ ይባላል፣ ይደባደባል። «ይኼ ነገር ያረጋጋዋል?»

«መጀመሪያ ይብስበታል» አለው ማስተር። «እንደሱ ያለ ሌላ ልጅ ፊት እስክታቆመው ድረስ።»

ሰውየው ሳቀና ስልክ ቁጥር ተቀባበሉ። ጆንያው ተጠቅጥቆ ሲጫን ረዳቱ ከበሩ ላይ ይጮኻል፤ ከኋላችን የተቀመጡት ነጋዴ ሰዓታቸውን እያዩ፣ በዕድሜያቸው ተፈትሾ የተጨበጨበለት አውቶቡስ አይተው እንደማያውቁና ሁለተኛ ከስፖርተኛ ጋር እንደማይሳፈሩ ለጎረቤታቸው ሲናገሩ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።